ከሆለታ እስከ ኮልፌ፣ ከሚተነፍስ ጀሪካን ጋር

ቅዳሜ ጠዋት ከኮልፌ የተነሳሁት እበት ፍለጋ ነው። ሰው ከከተማ ሲወጣ ካሜራ ይይዛል፤ እኔ ባዶ ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ ጋቢ፣ የሐኪም ቤት የጉሉኮስ ቱቦና ግማሽ ውሃ ያለው ሃይላንድ ይዣለሁ። እበት ኮልፌ ጠፍቶ ነው እንዳትሉኝ። የምፈልገው አየር ሳይነካው የበሰበሰ፣ ጋዝ የሚሠሩ ተሕዋስያን የሞሉበትን እበት ነው፤ ያ ደግሞ በየመንገዱ አይገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ቤዛ የምህንድስና ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ሥራዋ ግቢያችን ጥግ ላይ ሰማያዊ በርሜል አቁማለች። የምግብ ትራፊና እበት ተበጥብጦ ይገባበታል፣ የሚወጣው ጋዝ ምድጃ ያነዳል። እሷን የሚያስጨንቃት ግን አረፋው ነው። ከወጣው ጋዝ ከፊሉን በትንሽ ፓምፕ መልሳ ከበርሜሉ ሥር ትነፋዋለች፤ አረፋው ሽቅብ ሲወጣ ፈሳሹን ያማስልላታል። በጎን በኩል ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ስለገጠመች፣ አረፋው ሲያልፍ ቁጭ ብላ ታየዋለች። "ትልቁ አረፋ ሾልኮ ያመልጣል፤ ሥራ የሚሠራው ትንሹ ነው" ትለኛለች። እኔ እስከዚህ ዕድሜዬ አረፋ የማውቀው ቢራ ላይ ነበር።

መምህራኖቿ በርሜሉን ለማየት ቤታችን ሊመጡ ቀን ቆረጡ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤታችን እትዬ ሙንተሃ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ የአስፋልቱን ቀዳዳ ሳይቀር የሚያጥቡ ሴት ናቸው። ቤዛ በሌለችበት ሁለት ጎረቤት አስከትለው መጡና ግቢውን አጸዱ። በርሜሉ ጋ ሲደርሱ ሸተታቸው። የምግብ ትራፊ በሚገባበት አፍ በረኪና ገለበጡበት፣ ደጋግመው። "የዩኒቨርሲቲ ሰው እየመጣ ልጃችንን እናሳፍራት እንዴ?" አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ከዚያ ወዲያ በቱቦው አንድም አረፋ አላለፈም። ተሕዋስያኑ አልቀዋል። እርሾ የሚሆነው ሕያው እበት ተገኝቶ በርሜሉ እንደገና ካልተጀመረ መምህራኑ የሚያዩት አጃቢ የሌለው ሬሳ ነው፤ የቤዛም ምረቃ ለከርሞ ይተላለፋል። እሷ በርሜሉን አጥባ ማዘጋጀት ነበረባት። ለመንገድ እኔ ቀረሁ።

"አባዬ፣ አየር እንዳይገባበት። እንዳይቀዘቅዝም። ግን ጥርቅም አድርገህ እንዳትዘጋው፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ቱቦው ከክዳኑ ይውጣ፣ ጫፉ ሃይላንዱ ውሃ ውስጥ ይሁን። ጋዙ በውሃው ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ አየር ግን አይመለስበትም።"

"ገብቶኛል።"

"ደግሞ መንገድ ላይ አትቀልድ።"

ይህንን እንኳ ቃል አልገባሁላትም።

ሆለታ

ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሆለታ፤ ሁሉንም በሚኒባስ ነው የሄድኩት። ዝናቡ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ከቡራዩ ወዲያ ባሕር ዛፉ በሁለቱም በኩል ተሰልፎ፣ ይሄ ሰውዬ ለእበት ብሎ ይህን ሁሉ መጣ ብሎ የሚያሽሟጥጠኝ መሰለኝ።

በሰው በሰው የተገኙት ጋሽ ገመቹ የወተት ላሞች ያሏቸው ሽማግሌ ናቸው። ከበረታቸው ኋላ የባዮጋዝ ጉድጓድ አላቸው። ጀሪካኑን አይተው ሳቁ።

"ሰው ከሆለታ ወተት ይወስዳል። አንተ የወተቱን ታላቅ ወንድም ልትወስድ ነው?"

"ወተቱ ልጄን ያስመርቃል ቢሉኝ ወተት እወስድ ነበር፣ ጋሼ።"

ዳቦ በእርጎ አብልተው ጀሪካኑን ሞሉልኝ። ከጉድጓዱ የወጣው ለብ ያለ፣ ጥቁር፣ እንደ ሽሮ የሚንተከተክ ነገር ነው። ቱቦውን ገጠምኩ፣ ጀሪካኑን ጋቢ አለበስኩት። ሃይላንዱ ውስጥ ቡልቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቡልቅ። ሕፃን ታቅፎ ትንፋሹን እንደሚያዳምጥ ሰው ሆንኩ።

ሲመለሱ

በቀጥታ አስኮ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት ጀሪካኑን ከላይ እስከ ታች አየው። "ፋዘር፣ ምንድነው የያዙት?"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። "የጠላ ጥንስስ ነው፤ ለሠርግ" አልኩት። ለጀሪካኑም የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍዬ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ፤ እሱን መሐል አስቀመጥኩት። ከወዲያኛው ጎኑ የተቀመጡት ሴትዮ፣ የኔ መጥፎ ዕድል ሆኖ፣ ጠላ ሻጭ ናቸው። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ጋቢው ላይ ለጠፉ።

"ደህና ይዟል። ጌሾው ግን እንዴት ያለ ነው? ሽታው አላማረኝም።"

"የጎጃም ጌሾ ነው።"

"እኔስ ከየት መጣሁና! እንዲህ የሚሸት ጌሾ ጎጃም የለም።"

ሽታው ኋላ ወንበር ደረሰ። ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ከኋላ ያሉ ክራባት ያሰሩ አዛውንት ሳያጠፉ የሰው ሁሉ ዓይን እንደ ጥፋተኛ አረፈባቸው። ረዳቱ "ማነው ባካችሁ?" ሲል ጀሪካኑን በጋቢው አጥብቄ ሸፈንኩት። ከወረድኩ ዝናብ ነው፣ ቀጣዩ መኪና ላይጭነኝ ይችላል፣ እርሾው ይቀዘቅዛል። በጋቢው ሥር እጄን ሰድጄ ቱቦውን አጠፍኩት።

ሽታው ቀለለ። ቡልቅታውም ቆመ። እኔም ለአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብልህ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ጀሪካኑ ማበጥ ጀመረ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ፈሳሹ ይናጣል፣ ከውስጡ አረፋ ይለቃል፣ መውጫ ያጣው ጋዝ ደግሞ ግድግዳውን ይገፋል። አራት ማዕዘን የነበረው ጀሪካን ዘጠነኛ ወሯን የያዘች ሴት መሰለ። "ጧ" አለ አንድ ጎኑ። ልቤ ከሱ ብሳ "ጧ" አለች። ቢፈነዳ የመኪናው ሰው ሁሉ ይበከላል፤ ከሁሉ የከፋው ግን የቤዛ ዓመት ወለሉ ላይ ፈሶ ይቀራል። ብለቀው ደግሞ መንገድ ላይ ያወርዱኛል። ጣቶቼ ቱቦው ላይ ደነዘዙ።

"አንተ ሰውዬ" አሉ ሴትዮዋ፣ "ጥንስስህ እየገፋኝ ነው።"

"ጠላ አይደለም፣ እናቴ። እበት ነው።"

መኪናው በሳቅ ተናጋ። "የልጄ መመረቂያ ነው" ስል ሳቁ ባሰ። ረዳቱ "ፋዘር ይመችዎት!" አለኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስቅ ኖሬ፣ አትሳቁ ብዬ የለመንኩት ያን ቀን ነው። ድምፄ ተሰበረ፤ እነሱም ያንን የቀልዱ ማሳረጊያ አድርገው ወሰዱት።

ጣቴን ለቀቅኩ።

ሃይላንዱ እንደ ቧንቧ ጮኸ፣ ውሃው እስከ ኮርኒሱ ተረጨ። ሽታው ሲደርስ ያላመነ አልቀረም። ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስያዘ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ "ይውረዱ!" አለኝ።

"ማንም አይወርድም!" አሉ ሴትዮዋ፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው። "የልጄ ነው እያለ!" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ደግሞ፣ የታፈነ ነገር ምን እንደሚሆን አታውቅም? እኔ ስንት እንስራ ፈንድቶብኛል! ቱቦህን በመስኮት አውጣው፣ ውሃውንም እዚያው ያዝ።"

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ሞተሩን አስነሳ። አስኮ እስክንደርስ ሃይላንዱን በእጄ ይዤ፣ ክንዴን በዝናብ ውስጥ አውጥቼ ተጓዝኩ። የሚያልፈን ሁሉ ሰላም የምለው መስሎት እጁን ያነሳልኝ ነበር። ክንዴ ከትከሻዬ ተለይቶ ቡራዩ የቀረ መሰለኝ። ግን ቡልቅታው ተመልሷል፤ ቡልቅ ባለ ቁጥር እተነፍሳለሁ።

ኮልፌ

ከአስኮ ሌላ ሚኒባስ አልደፈርኩም፤ ላዳ ኮንትራት ያዝኩ፣ መስኮቱን አስከፍቼ። ቤዛ በሩ ላይ ጀሪካኑን በመዳፏ ነካችው። "ሞቃት ነው" አለች። የኔን እጅ ስትነካ ግን ደነገጠች፤ በረዶ ነበር።

እርሾው በርሜሉ ውስጥ ገባ። እሑድ አረፋ የለም። ሰኞ የለም። ቤዛ እህል መቅመስ ተወች። የበረኪናውን ጉዳት የሰሙት እትዬ ሙንተሃ ንጋት ላይ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይዘው መጥተው፣ በርጩማ ላይ ሆነው ቱቦው ፊት ይቀመጣሉ። እኔ ቀልድ ልሞክር አፌን ስከፍት፣ ራሴን እንደዚያ እንደታጠፈው ቱቦ ሆኜ አገኘሁትና ተውኩት። "ፈርቻለሁ" አልኳት ልጄን። "እኔም" አለች። ከጉዞው የተማርኩት ይህቺን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አብረን ራት በላን።

በማግስቱ እትዬ ሙንተሃ ሰፈሩን በጩኸት አነቁት። "ቤዛ! ወጣ! ትንሹ ወጣ!"

መምህራኑ በመጡ ቀን ቱቦው በጥቃቅን አረፋ ተሞልቶ፣ ምድጃው ላይ ሰማያዊ እሳት ነበር። ከመምህራኑ አንዱ በርሜሉ ጋ ሲደርስ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ሸፈነ። እትዬ ሙንተሃ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

"ይሽተት፣ ልጄ" አሉት። "የሚሸተው በሕይወት ስላለ ነው።"