የጳጉሜው በግ

ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ስንስቅ ነው የዋልነው። ሌላ ምን ልበል። እህቴ ከደብረ ብርሃን ለጥቂት ቀን መጥታ ነበር። ሞላሌ፣ የበግ አርቢዎች ማኅበራችን ቢሮ ውስጥ፣ የሱፍ ባና ደርባ ላፕቶፕዋ ፊት ተቀምጣለች። እኔ የማኅበሩ መዝጋቢ ነኝ። ግልገሉ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተወለደ፣ ስንት እንደመዘነ ዳታቤዝ ውስጥ አስገባለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ያገኘሁት ሥራ ነው። እወደዋለሁ።

እሷ የመጣችው ያንን ዳታቤዝ ቁጥርን በግራፍ ከሚያሳይ ፕሮግራም ጋር ልታገናኝልን ነው። መሀል ላይ ኮኔክተር የሚሉት አገናኝ አለ። ዳታቤዙ የት እንዳለ፣ በማን ስም እንደሚገባና የይለፍ ቃሉን ይነግሩታል፤ እሱ ከዚያ እያመጣ ለዚህ ያቀብላል። በነጋታው የማኅበሩ ሽማግሌዎች አውራ በግ ሊመርጡ ነው። የተመረጠው የመንጋው ሁሉ አባት ይሆናል። ያልተመረጠው ይኮላሽና ሙክት ይሆናል። ዘንድሮ ደግሞ ምርጫው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በሚበራው የግራፍ ሥዕል ይሁን ተባለ። እዚያ ያልታየ በግ አይቀርብም።

መጀመሪያ እምቢ አለ። "መገናኘት አልተቻለም" ይላል።

"ምን አስቀየምኩህ?" አለችው እህቴ፣ ሰው እንደምታናግር።

ኮኔክተሩ የሚሠራበት፣ ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም አርጅቶ ነበር። አዲስ ጫነች። እንደገና ሞከረች። ተገናኘ! ተነስታ እስክስታ ወረደችው፤ ባናው ከትከሻዋ ላይ ወደቀ።

"ኧረ ቀስ በይ" አልኳት። ልቧን ከልጅነቷ ጀምሮ ያማት ነበር።

"ልቤ ዛሬ ሥራ ላይ ነው፣ አትረብሸው!"

ከዚያ ግራፉ መጣ። አየችና ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ኅዳር ላይ የተወለዱት ጠቦቶች ሁሉ ስምንት ዓመታቸው ነው ይላል። እኔ የማስገባው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የፈረንጅ መስሎት አነበበው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በር ላይ ቆመው ሰሙን።

"ስምንት ዓመት? እሱን በግ ለመቀቀል የክረምት ማገዶ አይበቃም" አሉ።

"ጋሼ፣ ጥርስዎን ይጠብቁ!" አለቻቸው። እሳቸውም በሳቅ ፈነዱ።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ጎረቤታችን ገቡ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከባላቸው መንጋ ዘር የቀረው አንድ ግንባረ ነጭ፣ ቦቃ ጠቦት ብቻ ነው፤ ሌላው በበሽታ አለቀ። እሱ ከተኮላሸ በቃ፣ የዚያ መንጋ ነገር አበቃ።

"የእኔስ የታል?" አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አጥብበው።

ፈለግን። የለም። ለካ ቦቃው የተወለደው ጳጉሜ ሦስት ነው። ፕሮግራሙ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም፤ የጳጉሜን ልጆች በሙሉ ትቷቸዋል።

"እማማ፣ እንዲህ ያለ ወር የለም ይላል" አልኳቸው። እየፈራሁ ነው ያልኩት።

"የለም? እኔ እኮ ነኝ ያዋለድኩት! በዚያ ዝናብ! በጠበል የተወለደን በግ የለም የሚለው ማነው?"

"ፈረንጅ ነው" አለች እህቴ።

"ታዲያ የእነሱ ጳጉሜ የት ገባች?"

"ቀኖቿን ለየወሩ አከፋፈሏቸው።"

"አይ ስስት!" አሉ። እህቴ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። ሥዕሉን ብቻ ያያሉ። እህቴ ይህን ስታይ ተነሳችና እጃቸውን ያዘች።

"ነገ ጠዋት እዚህ ያዩታል። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እማማ።"

ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ነገረችኝ። መስከረም አንድን በፈረንጅ ቀን መነሻ አድርጎ፣ ከዚያ ቀኑን መቁጠር ነው። ወር አያስፈልግም። "ጳጉሜ ራሷ እየሮጠች ትመጣለች" አለች። "በማለዳ እጽፈዋለሁ። አሁን ደከመኝ።" እራት ላይ የሊቀ መንበሩን ድምፅ አስመስላ እናታችንን አሳቀቻት። ከዚያ ተኛች።

አልነቃችም። ሊነጋጋ ሲል እናቴ ልትቀሰቅሳት ገባች። ጩኸቱን የሰማሁት ከውጭ ነው።

ጎረቤት መጣ። ድንኳን ተተከለ። ወጣቶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ያቺ ሴትዮ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ስለ በጋቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ምነው አንድ ቃል በተናገሩ፤ ይቀለኝ ነበር። እኔ እንጃ። ላፕቶፑን ከቦርሳዋ አወጣሁና ባናዋን ደርቤ ከጓሮ፣ ከገብስ ክምሩ ሥር ተቀመጥኩ።

እንዳለችው ቀመሩን ጻፍኩት። የመስከረም አንድን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለማምጣት ሰባት ይደመራል፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ደመርኩ። ኮኔክተሩን እንደ አዲስ እንዲያመጣ አዘዝኩት። ቦቃው ብቅ አለ! ዕድሜው ግን ከዜሮ በታች። ገና አልተወለደም። ሳቄ መጣ። አፌን በባናዋ አፈንኩ፣ አልቻልኩም። ጮክ ብዬ ሳቅኩ። እንባዬም ይወርዳል።

"ልጁ አበደ!" አለ አንዱ ከድንኳኑ።

"ተዉት" አሉ ሊቀ መንበሩ። መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። አንዱን ሰባት አጠፋሁት። እንደገና አዘዝኩት። ስምንት ወሩ። ክብደቱም ከእኩዮቹ በላይ ነው።

"ጋሼ፣ ይኸው። የእማማ በግ። ምርጫው መቼም ይሁን መቼ፣ ይቅረብላቸው።"

ጎንበስ ብለው ክብደቱን አነበቡ።

"ይቀርባል። እኔው ራሴ ይዤው እቆማለሁ" አሉ። "በል ተነስ ልጄ፣ አስከሬኑ ሊወጣ ነው።"

ላፕቶፑን ዘጋሁ። ገብቼ ቃሬዛውን ከፊት በኩል ያዝኩ።