በመዳብ ሽቦ የታሰረው ቱቦ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ እዚሁ ሐርጌሳ ውስጥ ነው። ያኔም ዛሬም ሥራዬ የከባድ ማሽን መካኒክነት ነው። ታሪኩን ለአንድም ሰው በአፌ ተናግሬው አላውቅም። ስለከበደኝ ነው የምጽፈው።

ሐርጌሳ ስመጣ ሥራ ያስገባኝ ጋሽ ግርማ የሚባል ያገሬ ሰው ነው። ሐጂ ኑር የሚባሉ ባለሀብት 26 ጁን ሰፈር አካባቢ የማሽን ግቢ አላቸው፤ እሱ የዚያ ፎርማን ነበር። ሐጂ ጅግጅጋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ አይተናነስም። ጋሽ ግርማ ብዙ ነገር አሳይቶኛል። ለምሳሌ ቱቦ ማጥበቂያ ፋሸታ ከጠፋ በመዳብ ሽቦ ማሰርን ከእሱ ነው የተማርኩት። ሽቦውን ሁለት ጊዜ ያዞራል፣ በፒንሳ ወደ ግራ ይጠመዝዛል፣ ጫፉ እጅ እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ወደ ግራ የሚጠመዝዘው ግራኝ ስለሆነ ነው። እኔ በቀኝ እጄ የምሠራ ብሆንም እንዳየሁት ያዝኩት።

ጠባችን የመጣው በአንድ ኤክስካቫተር ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች የጭስ ማጣሪያ አላቸው። ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት የሚያወዳድር አንድ ትንሽ ሴንሰር አለ፤ ግፊቱ የሚደርሰው በሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ነው። ሴንሰሩ የማይመስል ቁጥር ካነበበ ቢጫ መብራት ይበራል፣ ሞተሩም ጉልበቱን ይቀንሳል። የእኛ ማሽን መብራት አልጠፋ አለ። ጋሽ ግርማ ላፕቶፑን ሰክቶ "ሴንሰር ነው" ይላል፣ እኔ እቀይራለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይበራል።

አንድ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ሐጂን እንዲህ አላቸው፦ "ሐጂ፣ ማሽኑን በፕሬዠር ውሃ እያጠበ ሴንሰሩን የሚያቃጥለው ይሄ ልጅ ነው።"

"ጋሼ፣ ሁሌ በላስቲክ ሸፍኜ እንደማጥብ እርስዎ ራስዎ ያውቁ የለም እንዴ?" አልኩት።

"ዝም በል! ላቫጆ አደረግከውኮ ግቢውን!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚያው ቀን ተባረርኩ።

መባረሩስ ይሁን። ስሙ ግን ተከተለኝ። በበርበራ መስመር የሚሠሩት የአገሬ ልጆች የሆኑ ሾፌሮች ዋሄን ገበያ ውስጥ ካዩኝ "ላቫጆ! መኪናዬን አታጥብልኝም?" ይሉኛል። ማሽን የሚያስነካኝ ጋራዥ ጠፋ። አያሃ የሚባል ሰፈር ሄጄ በቀን ሥራ ብሎኬት ተሸከምኩ። ስድስት ወር። እያንዳንዱን ብሎኬት ባነሳሁ ቁጥር "ግርማ፣ ቆይ ብቻ!" እላለሁ። ጋሽ የሚለውን ትቼዋለሁ።

እግዜር ሲያመቻችልኝ ያው ኤክስካቫተር የምሠራበት ቦታ ድረስ መጣ፤ ጎን ያለውን መሬት ሊደለድል። ብሎኬቴን ተሸክሜ አየዋለሁ። ጠዋት ደህና ይሠራል። ረፋድ ላይ ሲግል ይደክማል። ኦፕሬተሩ ያጠፋዋል፣ ግርማ ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል፣ መብራቱን ያጠፋል፣ ማሽኑ ሲበርድ እንደገና ይሠራል። በሁለተኛው ቀን ገባኝ፤ የሚበላሸው በሙቀት ከሆነ ችግሩ ሴንሰሩ አይደለም። ግርማ ግን ሌላ ሴንሰር አስመጥቶ ገጠመ። ያወቅኩትን ሳልናገር አንድ ሳምንት ሙሉ ግርማ ሲንገበገብ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ሐጂ ኑር ራሳቸው መጡ። የመሬቱ ባለቤት ሌላ ማሽን አመጣለሁ ብሎ ዝቶባቸዋል። ጠጋ ብዬ "ሐጂ፣ ችግሩን ዛሬውኑ አገኝልዎታለሁ" አልኳቸው።

"ወላሂ?"

"አንድ ነገር ግን አለ። ዕቃ የሚያቀብለኝ ግርማ ነው።"

ሐጂ "ይሁን" አሉ።

ማሽኑ እስኪግልና መብራቱ እስኪበራ አሠራነው። ላፕቶፑን ግርማ ያዘ። ሞተሩን አስጠፍቼ ቁልፉን ብቻ አስከፈትኩ። እንዲህ ሲሆን ግፊት ስለሌለ ሴንሰሩ ዜሮ ማንበብ አለበት።

"ስንት ይላል?"

"ዜሮ" አለ ግርማ።

"ሴንሰሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። አሁን ኦፕሬተሩ ሞተሩን ያስነሳና ሙሉ ነዳጅ ይስጠው።"

ሞተሩ ጮኸ። ቁጥሩ ከጭሱ ጋር መውጣት ነበረበት፤ ንቅንቅ አላለም። ግፊቱ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሞተሩን አስጠፋሁና "ግርማ፣ አሥራ ሦስት ቁልፍ አቀብለኝ" አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። በዕድሜ አባቴ የሚሆነውን ሰው በስሙ ጠርቼ አዘዝኩት። አቀበለኝ። "ይሄ አይደለም፣ አሥራ ሦስት ነው ያልኩህ" አልኩት። አሥራ ሦስት ነበር። ሌላ ፈልጎ አመጣልኝ።

ጓንቴን አድርጌ ወደ ሞተሩ ሆድ ገባሁ። የመጀመሪያውን ቱቦ ስነካው እንደተቀቀለ ፓስታ ልፍስፍስ ብሏል። አገኘሁት! ቱቦው ከሙቀት የሚከላከል የጨርቅ ልባስ ነበረው። ልባሱን ገፍፌ ሳየው ውስጡ ያለው ለጭስ የሚሆነው ቱቦ ሳይሆን ተራ የነዳጅ ቱቦ ነው። ሲግል ያብጥና ውስጡ ይዘጋል፣ ሲበርድ ይከፈታል።

ልባሱን ገልበጥ ሳደርገው ቀዳዳው በሰማያዊ ናይለን ክር ተሰፍቷል።

ስፌቱ የእኔ ነበር።

ያኔ ሁሉም ትዝ አለኝ። ከመባረሬ ሦስት ሳምንት በፊት ግርማ በርበራ ሄዶ ሳለ ቱቦው ተሰነጠቀ። ዋሄንን ስዞር ውዬ ትክክለኛውን ስላጣሁ የነዳጅ ቱቦ ገዝቼ ገጠምኩ፣ ጫፉንም ግርማ እንዳሳየኝ በመዳብ ሽቦ አሰርኩት፣ ኦርጅናሉ እስኪመጣ ብዬ። የድሮውን ልባስ ሰፍቼ አለበስኩት። በማግስቱ ሌላ ሥራ መጣ፣ ረሳሁት። ጭራሽ ነው የረሳሁት።

ውጭ ሐጂ "ምን አገኘህ?" እያሉ ነው።

ልባሱን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ቱቦውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ችግሩን አስረዳኋቸው።

"ማን ነው ይሄን የገጠመው?"

በመዳብ ሽቦ የታሰረውን ጫፍ ዘረጋሁላቸው። ወደ ግራ የተጠመዘዘ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። ሐጂ አዩትና ወደ ግርማ ዞሩ። "ግርማ፣ ይሄ ያንተ እጅ አይደለም?"

ግርማ መነጽሩን አደረገ። ቱቦውን ተቀብሎኝ ረጅም ጊዜ አየው። "ይሄ ልጅም እንዲህ ነው የሚያስረው" ይላል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

"የእኔ እጅ ነው" አለ። "መቼ እንዳሰርኩት ግን አላስታውስም። እርጅና ነው መሰለኝ፣ ሐጂ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ፣ በውሃው ነገር በድዬሃለሁ። ሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ፣ ሰው ፊት ይቅር በለኝ።"

ስድስት ወር ስመኘው የነበረው ቃል ነው። እጄ ኪሴ ውስጥ ልባሱን ጨብጧል።

"እግዜር ይቅር ይበልህ" አልኩት፣ አንተ ብዬ።

በሳምንቱ ሐጂ አሰናበቱት። በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ አገሩ ገባ ሲሉ ሰማሁ። ቦታው ለእኔ ተሰጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ላቫጆ ያለኝ ሰው የለም።

ተጸጽቻለሁ ብዬ አልዋሽም። ውሃውን በሐሰት ነው ያላከከብኝ፤ ያን ሳቅ ዛሬም አልረሳሁትም። ደግሞ ያን ቱቦ ያን ያህል ጊዜ ምን እያየ እንደነበር አስባለሁ። የማን እጅ እንደሆነ አውቆ ይሆን? አውቆ ከሆነ፣ ያሸነፍኩት ምኑን ነው?

ግቢዬ ውስጥ ቱቦ በሽቦ ማሰር ክልክል ነው። ፋሸታ ካልተገኘ ማሽኑ ቆሞ ይዋል እላለሁ። ሠራተኞቹ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል።