ያልሰማሁት መልስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አቤል የሱቄን ባንኮኒ ተደግፎ ስልኩን ሲያይ ቆየና ብቻውን ሳቀ። የምኖረው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ምን አሳቀህ ስለው ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። በሩቅ አገር ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩ ሁለት ሰዎች በቴሌቪዥን ተከራክረው ኖሮ፣ አንድ ሰው ንግግራቸውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ለቆታል። አንደኛው ተወዳዳሪ ጣቱን ቀስሮ ጠየቀ። ሌላው ከንፈሩን ጨመቅ አደረገ። እዚያ ላይ አለቀ።

"አየህ አባ? ዘጋው። መልስ የለውም" አለኝ።

"ከዚያስ? ምን አለ?"

"በቃ፣ ቪዲዮው እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።"

ድሮም አርፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ሚስቴ፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ ወይ ትለኛለች። ያን ቀን ግን ባሰብኝ። ሱቁን ለልጁ ትቼ ወጣሁ፤ የደብረ ታቦር አውቶቡስ ረዳት የጎደለውን አንድ ሰው ፍለጋ እየተጣራ ነበር፣ ሰማዩም የበልግ ደመና ይዞ ይዘንባል አይዘንባል እያለ ያመነታል። መናኸሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። የልጄ ሳቅ የራሴ ሳቅ ነበር። ሃያ ዓመት ያለፈው ሳቅ ነው፤ የሳቅሁትም አርብ ገበያ ከተማ፣ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው።

ያኔ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ማለፊያ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ታች ጋይንት ከአባቴ ቤት ተመልሼ ገብቼ ነበር። ወደ ትምህርት እንዳልመለስ ውጤት የለኝም፣ እርሻው ላይ እንዳልጸና ልቤ የለም። እርፍ ይዤ ዓይኔ መንገድ መንገድ ያያል። አባቴ አቶ እንየው ይኼን ያውቁ ነበር፤ አንዳንዴ የሠራሁትን ጠማማ ፈር አይተው፣ "ይኼኛው ደግሞ ወዴት ሊሄድ አስቦ ነው?" ይሉኛል።

በሬያችን አንድ ነበር፤ ወይኖ እንለዋለን። የጎረቤታችን የአያ ዳምጤም በሬ አንድ ነው፣ ቡሬ። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሎች መቀናጆ ነበሩ። ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር እየጠመዱ፣ አንድ ቀን በእኛ ማሳ፣ አንድ ቀን በእሳቸው ማሳ ያርሳሉ። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እንዲህ ነው። ወይኖ ከቀኝ፣ ቡሬ ከግራ ካልሆኑ አይሄዱም፤ የሰዎቹም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር።

የዚያን ዓመት ምርጫ ሊደርስ ሲል የፓርቲዎቹ ሰዎች በቴሌቪዥን መከራከር ጀመሩ። በእኛ ቀበሌ ቴሌቪዥን ቀርቶ መብራትም የለ። ሬዲዮ ያላቸው አያ ዳምጤ ብቻ ናቸው፤ የሬዲዮውም ባትሪ ድንጋይ ከጥምቀት በፊት አልቋል። ቢሆንም ወሬው በገበያተኛ አፍ እየመጣ ሰውን ለሁለት ከፈለ። ነገሩ መሬት ነው። አያ ዳምጤ፣ መሬቴን ልሸጥ ልለውጥ ካልቻልኩ ባለቤቱ እኔ አይደለሁም ባይ ናቸው። አባቴ ደግሞ መሬት ይሸጥ ከተባለ በአንድ ክፉ ዓመት ገበሬው ሁሉ ተፈናቅሎ ያልቃል ይላሉ። ይኼን ሲሉ ዓይናቸው ወደ እኔ መለስ ይል ነበር። ልባቸው አልተሳሳተም፤ ያን ጊዜ ድርሻዬን ሸጠህ ሂድ ቢሉኝ በማግስቱ አያገኙኝም ነበር። እናም ሳልናገር ከአያ ዳምጤ ጋር ነበርኩ።

አባቴ በጉብዝናቸው ዘመን በላ ልበልሃ ተሟግተው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ያ የቆየው ሙግት፣ ተከራካሪው ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ዱላውን እየወዘወዘ፣ ቃል በቃል እየመለሰ የሚያሸንፍበት ወይም የሚሸነፍበት ሥርዓት ነው። በእሳቸው ዘንድ የቴሌቪዥኑም ክርክር ያው ነው። ተጠይቆ አፉን የያዘ ሰው ተረታ፤ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። ሬዲዮውን የናቁትም በዚሁ ነው፤ ሙግት በጆሮ ብቻ አይዳኝም፣ የተሟጋቹ ፊት መታየት አለበት ይላሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴ ላይ ዳቦ ተቆርሶ ጠላ እየተቀዳ ሳለ፣ ከአያ ዳምጤ ጋር ተጋግለው በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ቃል ሰጡ።

"በክርክሩ የእኔ ወገን ሰውዬ መልስ ካጣ፣ እኔም በዚህ ነገር ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።"

ለዓይንም ለጆሮም የተላክሁት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠረ ስለሆነ የከተማ ንግግር አያመልጠውም ተባለ። ዓርብ ማለዳ ግማሽ ኩንታል ሽምብራ በአህያ ጭኜ ከገበያተኛው ጋር ወደ አርብ ገበያ ወረድኩ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ የበልጉ ዝናብ አቧራውን አርግቶት፣ ከየማሳው አዲስ የተገለበጠ አፈር ይሸታል። እኔ ግን ምኑም አልሸተተኝም፤ እግሬ ከአህያዋ ይቀድም ነበር።

ሽምብራዬን ገና በጠዋቱ አራግፌ ሻይ ቤቷ ገባሁ። ሐሙስ ማታ የተላለፈው ክርክር ዓርብ ከቀትር በኋላ ይደገም ስለነበር ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ፓስቲ የሚጠበስበት ዘይት፣ የላብና የእርጥብ ጋቢ ሽታ አንድ ላይ ታፍኗል። ቴሌቪዥኑ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ከጓሮ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል። የእኔ ሰው ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ ነው። የአባቴ ሰው ደንደን ያለ ጎልማሳ፤ ሲናገር ይረጋል። መርጋቱ ራሱ አናደደኝ።

ባለመነጽሩ ወደ መጨረሻው ላይ ቀና ብሎ ጠየቀው። "ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ነው ብላችኋል። ባለቤቱ ሊሸጠው የማይችለው ንብረት የት አገር ነው ያለው?"

ጎልማሳው ውሃ ተጎነጨ። ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አፉን ሲከፍት ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ጠፋ፤ ቴሌቪዥኑም ጨለመ።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። "ተረታ!" አለ አንዱ ከኋላ፣ ወጣቱ ሁሉ ተቀበለው፣ እኔም አብሬ ጮህኩ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ጓሮ ገብቶ ገመዱን ሲስብ ሰማነው፤ ቤንዚኑ አልቋል። ልንጠብቅ እንችል ነበር። ቢያንስ እኔ መጠበቅ ነበረብኝ፤ የተላክሁት ለዚያ ነው። ግን ደሜ ፈልቶ፣ አህያዬን ፈትቼ እየሮጥኩ ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ ያችን ጥያቄ በቃሌ ስደጋግም፣ ስደጋግምም ሳሳምራት ሄድኩ።

እሑድ ሰንበቴ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ጥያቄዋን ስጨርስ አያ ዳምጤ ጭናቸውን መቱ። አባቴ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ።

"ሰውዬው ምን መለሰ?"

"ውሃ ጠጣ። ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ ዝም አለ።"

"ዓይኑንስ ወዴት አደረገ?"

"ወደ መሬት።"

ሁለቱ እውነት ነበሩ፤ ውሃውና ወረቀቱ። ሌላው የእኔ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን አፋፉ አልታየኝም። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዋንጫቸውን አስቀመጡ፣ ቃላቸውንም ጠበቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መሬት ሲነሳ አፋቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር።

አያ ዳምጤ ክፉ ሰው አይደሉም። ድል ሲያገኙ ግን ማቆሚያውን አያውቁትም። ውሃ ሊቀዳ የወረደ፣ ከብት የሚያግድ፣ መንገደኛው ሁሉ የአባቴ ሰውዬ እንዴት ዝም እንዳለ ከእሳቸው አፍ ሰማ። በሚቀጥለው ሳምንት በእኛ ተራ፣ አንድ ጊዜ የተገመሰውን የጤፍ ማሳ ለሁለተኛ ጊዜ እያረስን ሳለ ወይኖ ደክሞት ፈር ላይ ቆመ። አያ ዳምጤ ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ "እንየው፣ በሬህም መልስ አጣ እንዴ?" አሉ።

አባቴ እርፉን ለቀቁ፣ ወደ ቀንበሩ ሄዱ፣ ወይኖን ፈቱት። ፈሩ ተጋምሶ ቀረ። ቡሬ ብቻውን ቀንበር ተሸክሞ ቆሞ፣ ጓደኛው ሲሄድ አንገቱን አዙሮ ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሳስብ አሁንም እግሬን ያሳክከኛል። ዝናቡ ጥሎ አፈሩ ልክ በሆነበት ሳምንት ጎረቤቱ ሁሉ ያርሳል፤ የእኛና የአያ ዳምጤ ማሳ ግን እንደተጋመሰ ተቀምጧል። የሰፈሩ በሬ ሁሉ ጥንድ ጥንዱን ይዟል፤ ትርፍ የለም። ፀሐይዋ ብቅ ባለች ቁጥር አፈሩ ይጠነክራል፣ ሰርዶው ይነሳል። ጤፉ በጊዜው ካልተዘራ ዓመቱን ምን እንደምንበላ እናቴ በየቀኑ ትጠይቃለች፤ የምትጠይቀው ግድግዳውን ነው። ሽማግሌ ቢላክ አባቴ፣ "የተረታ ሰው አታናግሩ" ብለው መለሱ። ከዚያም በሬ በረት ውስጥ ቆሞላቸው ማሳውን በዶማ መቆፈር ጀመሩ።

አብሬያቸው ቆፈርኩ። በሁለተኛው ቀን መዳፌ ተላጠ። በሦስተኛው ቀን ማሳውን ቀና ብዬ ባየው የቆፈርነው ለአንድ ጥጃ መተኛ አይበቃም። አባቴ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ዶማውን ባነሱ ቁጥር ትንፋሻቸው ያፏጫል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት ሦስት ሳምንት ሊያድር ምንም አልቀረው። ዶማዬን ጣልኩ።

"አባዬ፣ መልሱን አልሰማሁትም።"

ሁለት ጊዜ ያህል ቆፈሩ። "የምን መልስ?"

"የሰውዬውን። ሊናገር ሲል ጄኔሬተሩ ጠፋ። ዝም አለ ያልኩት ከራሴ ነው።"

ጓል ላይ ተቀመጡ። ዶማውን ይወረውሩብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ "አፉን ከፍቶ ነበር?" አሉኝ።

"ከፍቶ ነበር።"

"ከፍቶ ነበር" አሉ ለራሳቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ደስታ ነው። ቆይተው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ይኼን እዚህ ማሳ ውስጥ ለእኔ አትነግረኝም። በሰንበቴ ያፈረስከውን በሰንበቴ ትገነባዋለህ።"

እሑድ ቆሜ ተናገርኩ። ዋንጫዎቹን እንጂ ሰዎቹን አላየሁም። አያ ዳምጤ ያሉትን አልረሳውም።

"አላየሁም ብትል ማን ይገድልህ ነበር? ይኼን ሁሉ ቀን በምን ስስቅ ከረምኩ?"

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በራችን ላይ ቡሬን ይዘው ቆመው አገኘናቸው። ይቅርታ የሚል ቃል ከማናቸውም አልወጣም። አባቴ ወይኖን አወጡ፣ ሁለቱ በሬዎች ተሻሹ፣ ተጠመዱ። በተከታዩ ዓርብ ገበያ ሁለቱ ሽማግሎች ስለዚያ መልስ እየዞሩ ጠየቁ። አንዱ ሰውዬው አፈር ድሜ አበላው አላቸው፣ ሌላው ተንተባተበ አላቸው፣ ሦስተኛው ጭራሽ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልተጠየቀም አለ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ተባብለው ተሳስቀው ተመለሱ።

አፈሩ ግን አልጠበቀንም። ጤፉ ዘግይቶ ተዘርቶ ሳሳ፤ ያን ዓመት እናቴ ማሽላ ስትደባልቅ ከረመች። የሁለተኛው ክርክር ዕለት ማኅበርተኛው የአያ ዳምጤን ሴት ልጅ ይርጋን ላካት። ተመልሳ መጥታ፣ ይኼን ሰምቻለሁ፣ ይኼን ጫጫታ ስለነበር አልሰማሁም እያለች ስትናገር፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣት ነበር። እኔን ከዚያ በኋላ ወሬ የጠየቀኝ የለም፤ ከገበያ ስመለስ እንኳ የእህል ዋጋ ስንት ዋለ የሚለኝ ጠፋ። መከሩ እንደገባ ወደ እስቴ መጣሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ ፍለጋ ነው እላለሁ።

አባቴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። በመጨረሻው ሕመማቸው ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ ስንጫወት ቆይተን፣ ድንገት ወደ እኔ ዞረው፣ "ያ ሰውዬ ግን ምን ሊል ነበር ትላለህ?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልክ እንደዚያ እሑድ።

መናኸሪያውን ዞሬ ስመለስ ይኼን ሁሉ ለአቤል ነገርኩት። አልሳቀም። ጥቂት አሰበና፣ "የድሮ ክርክሮች እኮ ኢንተርኔት ላይ ይኖራሉ። ይኼንም ሙሉውን፣ የአያቴንም እፈልግልሃለሁ" አለኝ። ባንኮኒው ጋ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ስልኩ ላይ ኔትወርክ የምትፈልገዋ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች።

"የቱን ላስቀድም?" አለ።

"የአንተን" አልኩት። የዚያኛውን መልስ ይጠብቁ የነበሩት አባቴ አሁን የሉም።