መመለሻ ያልነበረው መዝገብ

ጎርፍ የቀበሌያችንን ጽሕፈት ቤት ባጥለቀለቀ ጊዜ የነዋሪዎች መዝገብ ጭቃ ሆኖ ቀረ። መደርደሪያ ላይ የነበሩት የዕለት መዝገቦች ግን ተረፉ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ሞተ፣ ሁሉም በየቀኑ እዚያ ሰፍሯል። ሊቀመንበሩ «ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረህ ተከተል፤ ዛሬ ማን እንዳለ ራሱ ይነግርሃል» አሉኝ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ ችኩል፣ በእጅ ጽሑፌ የምኮራ።

ሳምንቱን ሙሉ አቀርቅሬ ሠራሁ። «ወጣ» የሚል ሳገኝ እሰርዛለሁ፣ «ተመለሰ» የሚል ሳገኝ መልሼ እጽፋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ቀደም ብዬ የሰረዝኩት ሰው «ሞተ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። የሌለ ሰው እንዴት ይሞታል ብዬ ዘለልኩት። ስሙን እንኳ ልብ አላልኩም፤ የምከተለው የቤት ቁጥር ነበር።

ዝርዝሩ በጸደቀ በሳምንቱ እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ሲሞት ለሚስቱ ይጸናል፤ ለቅቆ ከሄደ ግን ይወሰዳል። ወረቀቱ ባልሽ ለቋልና ቤቱን አስረክቢ ይላል።

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ የባሌን ቃሬዛ የተሸከምከው አንተ አይደለህም? ድሮ ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ የሄደው ካባትህ ጋር ባንድ መኪና ነው። አባትህም ወጥቶ ቀረ?»

የድሮውን የዕለት መዝገብ ገለጥኩ። ሁለቱም ባንድ ቀን ወጥተዋል፤ መመለሳቸው የለም። ለካ ያኔ «ተመለሰ» የሚባል ዓምድ አልነበረም! የይለፍ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ለመሄጃ ብቻ ስለነበር መሄዳቸው ይጻፋል፤ ሲመለሱ ጎረቤት ያያል፣ ምን ይጻፋል? ዓምዱ የመጣው ኋላ፣ ከአዲሱ ቅጽ ጋር ነው። እኔ አሮጌውን በአዲሱ ሕግ አነበብኩት።

የአባቴን ስም ግን አልሰረዝኩም። የቤታችንን ቁጥር ሳይ፣ ጠዋት ቁርስ አብረን በልተናል ብዬ አለፍኩት። ያን ጊዜ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ለራሴ ሲሆን ዓይኔ በርቶ ነበር፣ ያናድደኛል እስከ ዛሬ።

ወደ ሊቀመንበሩ ሮጥኩ። «ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል» አሉኝ፤ «መዝገቡን የሠራኸው አንተ ነህ።» ማረሚያ ጻፍኩ፤ ወስደው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

እትዬ ቤቱን ለቀው ዝዋይ ወዳለች እህታቸው ሲሄዱ አልጋቸውን ጋሪ ላይ የጫነው አባቴ ነው። ላቡን እየጠረገ ገባና ለምን እንዳስወጧቸው ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።