ለጋሽ ቶሎሳ ያላነበብኩላቸው መስመር

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ መሠረተ ትምህርት በየቀበሌው በደራበት ሰሞን፣ እዚሁ ናዝሬት ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ገጠመኙን ሲጽፍ «የደረሰብኝን ላጫውታችሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የእኔ ግን የደረሰብኝ አይደለም፣ እኔው ያደረስኩት ነው። ስንቱን ነገር ረስቼ ይህን አልረሳ ያልኩትም ለዚያ ይመስለኛል።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አሰብ ወርዶ እስኪመለስ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ይሞላዋል። እኔ ከአራት ልጆች ጋር በአንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ እኖር ነበር። ከጥበቷ የተነሳ አንዱ ልጅ ሲገላበጥ አራቱም አብረው ይገላበጣሉ። የቤት ሠሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ስማችንን ለማስመዝገብ የሮጥኩት ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላደርግ ነው።

ትምህርት ቤት የሚባል ቅጥር ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ትከሻቸው ላይ አንገቴን አስግጌ ነው። በኋላ በመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አገኘሁ፤ ሳሎን የሚባል ግድግዳ ሳይኖረኝ በፊት የሚሰቀልበትን መስታወት ገዛሁለት። በማኅበሩ ውስጥ ማንበብ የምትችል ሴት ብዙም ስላልነበረች ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። ያን ቀን መሬት አልበቃኝም።

ቦታው በዕጣ ነበር የሚታደለው። እጄን ሰድጄ ያወጣኋት ቁጥር ዳገቱ ላይ ጣለችኝ። ሴቶቹ ሳቁብኝ።

«ድስትሽ ከምድጃ ከወደቀ እማማ ጫልቱ ደጅ ነው የምታገኚው!» አለችኝ አንዷ።

«ልጆቹንስ በገመድ ካላሰረች!» አለች ሌላዋ።

እማማ ጫልቱ ማኅበሩ ሳይመጣ በፊት ጀምሮ ከዳገቱ ግርጌ፣ ከእኛ ቦታ ልክ በታች በጭቃ ቤት የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ጉራቲ የምትባል አንድ ጥቁር ላም ነበረቻቸው። የዚያችን ላም ወተት ለሠፈሩ እየሸጡ ነው የሚኖሩት፤ በአጠገባቸው ሌላ ጧሪ አልነበራቸውም። ላሟና እሳቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፣ በመሃላቸው አንድ አጥር ብቻ።

የሳቀው ይሳቅ ብዬ ቤቴን ማቀድ ጀመርኩ። ልጆቼ በጨረሱት ደብተር ጀርባ ላይ ስንቴ ስዬ ስንቴ እንደሰረዝኩ። ሳሎኑ ወደ መንገድ እንዲያይ፣ አንድ ክፍል ለልጆች፣ አንድ ለእኛ። አራተኛው ክፍል ግን የግድ ነበር። አማቴ ዓለም ጤና ከተማ ብቻቸውን ነው ያሉት፣ ዐይናቸው እየደከመ ሄዷል። ባለቤቴም «እናቴን ሳላመጣ ቤት ሠራሁ አልልም» ብሏል።

ግንበኛችን ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ። የማኅበሩን ቤቶች መሠረት ሁሉ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ መሠረተ ትምህርት ገብተው «ይቺ ነገር ለእጄ ትቀጥናለች» ብለው ትተውታል። ድንጋይ ግን ያውቃሉ። ቦታውን ወጡ፣ ወረዱ፣ ከዚያ «ከላይ ቆርጠን ከታች እንሞላለን» አሉኝ። «ቤቱ የሚቀመጠው ግን በተቆረጠው ላይ ነው። የሞላነው አፈር ገና ነው፣ ሦስት አራት ክረምት ካልጠጣ ቤት አይሸከምም።»

ችካል ተክለን ሲባጎ ስንወጥር ጉዱ ወጣ። የተቆረጠው መሬት ሦስት ክፍል ይይዛል፤ አራተኛው የሚገባው በምሥራቅ በኩል ያለው ጠርዝ ከተጨመረ ብቻ ነው። የቦታዬን ፕላን አውጥቼ አየሁ። በዚያ ጠርዝ ላይ በደቃቁ እንዲህ ተጽፏል፦ «የጎርፍ መውረጃ። አይገነባበትም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጀማሪ አንባቢ ነገር፣ ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ በጣቴ ፊደል በፊደል ተከተልኩት። አልተሳሳትኩም።

ጋሽ ቶሎሳ ወደ ኮረብታው ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ መጡ። በትከሻዬ በኩል ወረቀቱን አየት አደረጉ።

«ይሄ ዳገት ክረምት ላይ ውሃ ያወርዳል። ወረቀቱ ስለ ውሃ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ ጋሽ ቶሎሳ።»

«ምንም?»

«ስለ ውሃ የሚል የለበትም።»

በእጃቸው ጠርዙን አሳዩኝ። «እኔ ብሆን በዚህ በኩል መንገድ እተውለት ነበር» አሉ።

«ወረቀቱ ያላለውን እኛ ለምን እንጨምራለን?» አልኳቸው። ድምፄ የጸሐፊ ድምፅ ነበር፣ አሁንም ድረስ ይሰማኛል።

«እንግዲህ ያነበብሽው አንቺ ነሽ» ብለው ሲባጎውን ወደ ጠርዙ አወጡት።

እሑድ እሑድ ማኅበርተኛው በጉልበቱ እየተረዳዳ ቤቱ ቆመ። እማማ ጫልቱ በየሳምንቱ እርጎ ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። «ከላዬ ጅብ ነበር የሚያድረው፤ አሁን ሰው መጣልኝ» እያሉ ለጭቃ ረጋጮቹ ያድላሉ። እኔንም «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺም ጠጪ» ይሉኛል። እጠጣለሁ። አማቴም ከዓለም ጤና ከነሽንኩርታቸው መጡና አራተኛዋ ክፍል ገቡ። ባለቤቴ ክፍሏን እየዞረ ግድግዳውን በመዳፉ ሲዳብስ ሳይ፣ የዋሸሁት ውሸት ውሸት መሆኑ ጠፋብኝ።

ሐምሌ ላይ፣ ከምሳ በኋላ ነው፣ ባለቤቴ መንገድ ላይ ነበር። ኮረብታው ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። እኛ ዘንድ እምብዛም ሳይጥል ውሃው ከላይ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። የአማቴ ክፍል መሠረት ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ተጠራቀመ፣ ከዚያ ታጠፈና ቁልቁል ሄደ። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። «ተመስገን፣ ቤታችን አልተነካም!» አልኩ። ወዴት እንደሄደ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጩኸቱን ስሰማ ሮጥኩ። የእማማ ጫልቱ ቤት በላይ በኩል ያለው ግድግዳ ተንዶ ከላሟ ላይ ወድቋል። እሳቸው ሣር ሊያስገቡ ወጥተው ስለነበር ተረፉ። ጉራቲ ግን ጭቃው እስከ አንገቷ ደርሶ ዐይኗ ብቻ ይታያል። ጎረቤት ተሰብስቦ በአካፋም በእጅም ብንቆፍር ሳናወጣት ሞተች። እማማ ጫልቱ ጭቃው ላይ ተቀምጠው ጆሮዋን ይዳብሳሉ። ዝናብ ይሁን እንባ ፊታቸው ርሷል። እኔን ሲያዩ «ልጆችሽስ? ደህና ናቸው?» አሉኝ።

ያን ክረምት እቤቴ ወሰድኳቸው፤ ከአማቴ ጋር አራተኛዋ ክፍል ውስጥ ተኙ። ሠፈሩ ሁሉ ደግነቴን አወራ። እማማ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት «ጋላቶሚ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ሲያጎነብሱ፣ የምገባበት ጉድጓድ አጣ ነበር።

ደግነት እያሉ እኔን ሲያነሱ ጥፋተኛ መፈለጋቸው አልቀረም። «ግንበኛው ነው» ተባለ። «ውሃ መሄጃ ሳይተው መሠረት የሚያወጣ ምን ዓይነት ግንበኛ ነው?» የማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ስለ ውሃው ጠይቄ ነበር» አሉ። «ወረቀቱ ምንም አይልም ተባልኩ።»

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ጓዲት ጸሐፊ፣ የቦታሽን ፕላን ይዘሻል? እስቲ አንብቢልን።»

ይዤዋለሁ። ተነሳሁና አነበብኩ። የቦታውን ቁጥር አነበብኩ፣ ስፋቱን አነበብኩ፣ በሰሜን ማን እንደሚያዋስነን፣ በደቡብ ማን እንደሚያዋስነን ሁሉ አነበብኩ። ያቺን መስመር ዘለልኳት። ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ላይ ያዝኩት። ላየው ብሎ እጁን የዘረጋ አንድም ሰው አልነበረም። አመኑኝ።

«ታዲያ ወረቀት ባይልስ፣ ሙያተኛው አንተ አይደለህም እንዴ?» አላቸው አንዱ ከኋላ። የልጃቸው እኩያ ነው፣ አንተ ብሎ ነው የተናገራቸው። ሰው አጨበጨበ።

የእማማ ጫልቱን ግድግዳ ያለ ዋጋ እንዲሠሩ ተፈረደባቸው። ሠሩ። እኔ ጭቃ አቀበልኳቸው። ስንት ቀን ጎን ለጎን ስንሠራ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም፣ እኔም ቃል አልወጣኝም። ከዚያ በኋላ የማኅበሩን ሥራ ሌላ ግንበኛ ያዘው። ጋሽ ቶሎሳ ደብረ ዘይት ሄዱ ሲባል ሰማሁ።

ጥቅምት ሲገባ አራተኛዋን ክፍል አስፈረስኩና ውሃው የሚሄድበት ቦይ አስቆፈርኩ። ባለቤቴ «ምን ነካሽ?» ሲለኝ «ግድግዳው ሰንጥቋል» አልኩት። እሱም ሌላ ውሸት ነው። አማቴ ሳሎን ተዛወሩ። እሳቸው ምላሳቸው አያርፍም፤ «አማቷን የምታስወጣ ምራት አይቻለሁ። ክፍሉን አስወጥታ አማቷን ያስቀረች ግን አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። አማቴ ለእማማ ጫልቱም ከዓለም ጤና ከቤታቸው ጊደር አስመጡላቸው። ምርቃቱ ግን የመጣው ለእኔ ነው። እማማ ጫልቱ መቂ ልጃቸው ጋ እስኪሄዱ ድረስ እንደመረቁኝ ኖሩ። ለእሳቸው ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለልቅሶ ደብረ ዘይት ሄድኩ። ከጋሪ ስወርድ ከአንድ አጥር ሥር ድንጋይ የሚጠርብ ሰው አየሁ። ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ጥቁር ነጠላዬን እንዳደረግሁ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«እንዴት ነዎት፣ ጋሽ ቶሎሳ? ግንቡስ?»

«ግንብ ትቻለሁ። እጠርባለሁ፣ ሌላው ይገነባል።»

አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «ወረቀቱ ላይ ነበረ» አልኳቸው። «የውሃው መውረጃ ተጽፎ ነበር። አይቼው ነው የለም ያልኩዎት።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። «እኔም አይቼው ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑን?»

«ፊደል አላውቅም እንጂ ቀስት አውቃለሁ። በጠርዙ በኩል ሁለት መስመር፣ መሃሉ ላይ ቁልቁል የሚያይ ቀስት ነበረ። ይቺ ውሃ ናት ብዬ ነበር በልቤ። አንቺ የለም ስትዪኝ፣ ያነበበ ሰው ይበልጣል አልኩና ዐይኔን ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ሲባጎ ወጥሬ ሳይ፣ ቀጥ ያለውም ጠማማ እየመሰለኝ እጄ ይፈራል። ግንብ የተውኩት ለዚያ ነው።»

አለቀስኩ። የፈለጉትን ልካስዎ አልኳቸው።

«እኔን በምን ትክሺኛለሽ? ሂጂና ያኔ ስብሰባው ላይ ለነበሩት ንገሪያቸው። ስሜ የቀረው እዚያ ነው።»

እነግራቸዋለሁ ብዬ ማልኩላቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ገና ሳልቀመጥ እጄን ላወጣ ነበር። ወሬው ስለ ቧንቧ ውሃ ሆነና «ዛሬ አይሆንም» አልኩ። በቀጣዩ ወር «አመመኝ» ብዬ ቀረሁ። በሌላው ወር ደግሞ ልጄ የምስክር ወረቀት ያገኘችበት ሰሞን ስለነበር ሰው «የእናቷ ልጅ» እያለ አመሰገነኝ፤ ያን ምስጋና ማጣት ከበደኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ መንግሥት ተለወጠ፣ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ሰውም ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ተበተነ።

አሁን አርጅቻለሁ። ቤቱ ውስጥ አሁንም አለሁ፤ ሦስቱ ክፍል ለእኔ ሰፍቶኛል። ልጆቼ ይህን ታሪክ ዛሬ ከእናንተ ጋር ነው የሚያነቡት። ጋሽ ቶሎሳ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፣ ይቅርታቸውንም አልጠየቅሁም፤ እሳቸው የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነውና።

እንግዲህ ያን ቀን ስብሰባው ላይ የነበራችሁ፣ ያጨበጨባችሁ፣ ወይም አባት እናታችሁ እዚያ የነበሩ ካላችሁ ስሙኝ። ጋሽ ቶሎሳ ስለ ውሃው ጠይቀው ነበር። የለም ያልኳቸው እኔ ነኝ።