ሰባት ሰው ያነበበው ማስተካከያ

ረቡዕ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሃዋሳ

በሩን መቆለፌን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ወጣሁ፤ ከመንገድ ተመልሼም ሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ “ቆልፈኸዋል፣ ሂድ” የሚለኝ ሰው የለም። መናኸሪያው ገና ድንግዝግዝ ነው፤ የናፍጣ ጭስ፣ እርጥብ ካርቶን፣ በፌስታል ዳቦ የያዙ ሴቶች። “ክብረ መንግሥት! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!” ይላል ረዳቱ። ያ አንድ ሰው እኔ የሆንሁ መስሎኝ ተጣደፍሁ። ገብቼ ስቀመጥ ስድስት ወንበር ባዶ ነበር።

“ፋዘር፣ ለለቅሶ ነው?” አለኝ፣ ጥቁር ኮቴንና ከዘራዬን አይቶ።

“አይደለም። የለቅሶ ተቃራኒ ነው።”

አልገባውም። ሻንጣዬን በእግሩ ከወንበሩ ሥር ገፋልኝ።

ለአንባቢ ግን ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባኛል። በሽግግሩ ዘመን ነገሌ ቦረና ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አምስት ዓመት ይመስለኛል፤ የሥራ መዝገቤ አራት ይላል። በዚያ ጊዜ የቅርብ ወዳጄ ሐጂ ጂሎ የሚባሉ ባለ ሱቅ ነበሩ፤ ጨርቅ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ። የአማርኛ ፊደል አልቆጠሩም፤ ንግግሩ ግን አላነሳቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ጋዜጣ ይዤ፣ በሱቃቸው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አነብላቸዋለሁ። በየዜናው መጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁኛል፦ “ይህን የጻፈው ሰው አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?”

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የደቡብ ከተሞችን ትዝታ የምጽፍበት ብሎግ ከፈትሁ። አንባቢዎቼ አሥራ አንድ ነበሩ፤ አንዱ እኔ ራሴ ሳልሆን አልቀርም። ሐና፣ የነገሌ ተማሪዬ የነበረችና ዛሬ ሃዋሳ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ፣ አዘነችልኝ መሰለኝ፤ አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ቤቴ መጥታ ጽሑፍን ወደ ሰው ማድረስ እንዴት እንደሆነ አስተማረችኝ።

“ጋሼ፣ እዚህ ጽፈው ዝም ካሉ ማን ያገኘዋል? ፌስቡክ ላይ የነገሌ ልጆች ግሩፕ አለ፣ ቴሌግራም ላይም አለ። ሊንኩን እዚያ ይጣሉት። ፎቶ ይጨምሩ። ሰው ከሥራ ሲወጣ ይልቀቁት። የመጀመሪያው መስመር ካልያዘው ደግሞ የማንም አውራ ጣት አይቆምም።”

ስለ ሐጂ ጂሎ የጻፍሁትን መረጥን። በዘጠነኛው አንቀጽ ላይ “እንደሰማሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፈዋል” የሚል ነበር። ሐና አንሥታ ከአናቱ አስቀመጠችው። “ሰው የሚይዘው ይኼ ነው” አለች። “እንደሰማሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት” የሚለውን የሰረዝሁት ግን እኔ ነኝ፤ ሐና አይደለችም። መስመሩን ያንዛዛል ብዬ። ዕድሜዬን በሙሉ በእንዲህ ያሉ ቃላት ተደግፌ የኖርሁ ሰው፣ ከዘራዬን በገዛ እጄ ጣልሁ።

ጽሑፉን ሰው ተቀባበለው። “ነፍስ ይማር” የሚለው አስተያየት በጣት ገፍቼ አላልቅ አለኝ። ስልኬ ከባለቤቴ ቀብር ሰሞን ወዲህ እንዲያ ጮኾ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ይህን ብደብቅ የቀረውን መጻፌ ዋጋ የለውም። በአምስተኛው ቀን እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰኝ፦ “ጋሼ መምህር፣ የሐጂ ጂሎ ልጅ ሐሊማ ነኝ። አባቴ በሕይወት አሉ። ሰው ለቅሶ እየመጣብን ነው። እባክዎ።”

ወዲያው ጽሑፉን አጠፋሁ፤ ማስተካከያም አወጣሁ። ነገር ግን ሰዎች የመጀመሪያውን ገልብጠው በየገጻቸው ለጥፈውት ስለነበር የእኔ ማጥፋት አልደረሰበትም። ማስተካከያውን ሰባት ሰው አነበበው። ስለዚህ ራሴ ልሄድ ተነሣሁ።

ረፋድ፣ ቦሬ

ከወንዶ በኋላ መንገዱ ይወጣል፤ እንሰት፣ ቀርከሃ፣ ከዚያ ጉም። ቦሬ የደረስነው ሹፌሩ መብራት አብርቶ ነው። በአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ቆጮና አይብ ቀረበልኝ፤ ሻዩ አሥራ አምስት ብር። ከጎኔ ያለው ጎልማሳ ስልኩን ለጓደኛው ያሳያል። ፎቶውን አወቅሁት፤ ሐጂ ጂሎና እኔ ነን፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ።

“አስለቀሰኝ’ኮ ይኼ መምህር” ይላል።

“ይቅርታ፣ ልጄ” አልሁት፤ “ሰውየው አልሞቱም።”

“አንቱ በምን አወቁ?”

“ልጃቸው ጽፋልኛለች።”

“እዚህ ላይ ግን ሞተዋል ይላል።”

“እሱን የጻፍሁት እኔ ነኝ።”

ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶውን። ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አደረገው። “አባቴ፣ ቆጮው ይቀዘቅዛል፣ ይብሉ” አለኝ በርኅራኄ።

አመሻሽ፣ ክብረ መንግሥት

ጫካውን አልፈን ስንወርድ ኮቴን አወለቅሁ። አየሩ ሞቅ ይላል፤ አስፋልቱ ዳር ሞተር ብስክሌቶች ተደርድረዋል። ባደርሁበት ሆቴል በረንዳ ራት ስበላ አንድ የሻኪሶ ቡና ነጋዴ አብሮኝ ተቀመጠ። ከነገሌ መመለሱ ነው።

“አምስት ሆነን መኪና ተኮናትረን ሄድን” አለኝ። “ሐጂ ጂሎ ለአባቴ የመጀመሪያ ዕቃውን በዱቤ የጫነለት ሰው ነው፣ ንግድ ያስለመደው እሱ ነው። ሴቶቹ ከመኪና ሳይወርዱ ማልቀስ ጀመሩ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ፣ ወላሂ፣ ሬሳው ሻይ ይጠጣል!”

ሳቅ አፈነው። እኔም ሳቅሁ፤ ማረኝ።

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ እኛንም ሻይ አጠጣን። ግን ያን የጻፈውን ሰው ባገኘው!” አለና መዳፉን ጠረጴዛው ላይ መታ።

ቦሬ ላይ ተናግሬ አልታመንሁም። እዚህ ብናገር እታመን ነበር። ሰውየው የእኔንም ራት ከፍሎ ሄደ።

ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት፣ ወደራ

መኪናው ሰው ሊያሟላ ቆሟል። ገበያ ነው፤ ቅቤ በቅል፣ ፍየሎች፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጀሪካን። ኔትወርኩ ብቅ ሲል ሐና ደወለች።

“ጋሼ፣ ሲገናኙ ፎቶ እንዳይረሱ! ቪዲዮ ቢሆንማ... ‘የሞተውን ወዳጄን አገኘሁት’ ብለው ቢለቁት ማስተካከያውንም ሰው ሁሉ ያየዋል። ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ይመኑኝ።”

እውነቷን ነው። ይህ ነው ያስጨነቀኝ።

ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ነገሌ

ከወደራ ወዲህ ምድሩ ቀይ ነው። ከሰው የረዘመ ኩይሳ፣ ግራር፤ ግመሎች አስፋልቱን ለመሻገር የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። ከተማዋን አላወቅኋትም። ፎቅ፣ ባንክ፣ የባጃጅ ሰልፍ። በጽሑፌ “ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበት” ያልሁትን መንገድ የባጃጅ ሹፌር ጠይቄ ደረስሁ።

ሱቁ አለ። አግዳሚው አለ። ከእንጨት የተሠራ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሲሚንቶ ነው።

“መቼ ለወጣችሁት?” አልኋት ሐሊማን። ልጅ ሳለች ነው የማውቃት፤ አሁን ሱቁን የምታስተዳድረው እሷ ናት።

“ሁልጊዜም ሲሚንቶ ነበር፣ ጋሼ።”

ሐጂ ጂሎ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደፍርሷል፤ ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ድምፄን ሰሙና እጃቸውን ዘረጉ።

“አካም፣ መምህር። ናጋ?”

“ናጋ፣ ሐጂ፤ ሰላም ነው።”

እጄን አልለቀቁም። እንደ አገሩ ወግ ከመንገድ የመጣ ሰው መጀመሪያ ያየውን ይናገራል።

“ዝናብ አለ?”

“ቦሬ ጉም ነው። ከወደራ ወዲህ የለም።”

“ሳሩስ?”

“ደርቋል።”

“አይተህ ነው?”

“አይቼ ነው።”

“ሞቴንስ?”

ሐሊማ ሚዛኑ ላይ ስኳር መጨመሯን አቆመች።

“ሰምቼ ነው” አልሁ። “ዲላ ላይ አንድ ሹፌር የነገረኝ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።”

“የሞተው ታናሽ ወንድሜ አደም ነው። አራት ዓመት ሆነው። ሹፌሩ ‘ሱቅ ያላቸው ሐጂ’ ብሎህ ይሆናል፤ እሱም ሐጂ፣ እኔም ሐጂ። በዚህ አልቀየምህም። ሰው ይሳሳታል።” እጄን ጠበቅ አደረጉ። “አንተ ግን ስትሰማ የሞትሁት እኔ ነበርሁ። አይደል?”

“አዎን።”

“ታዲያ ለምን ለቅሶ አልመጣህም?”

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። በመንገዱ ሁሉ ስለ ጽሑፉ የምለውን ሳቃና ነው የመጣሁት።

“የሻኪሶ ሰዎች ወሬው በደረሳቸው በማግሥቱ እዚህ ነበሩ” አሉ፤ ድምፃቸው አልከረረም። “ከወደራ አንዲት አሮጊት ፍየል እየጎተተች መጣች። አንተ ሰምተህ አራት ዓመት ተቀመጥህ። ከዚያ ለማላውቀው ሰው ጻፍህ።”

ባለቤቴ ታማ ነበር ልል ፈለግሁ። ግን የታመመችው ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ እርግጠኛ አልነበርሁም፤ ስለዚህ አላልሁም። ጉልበቴን፣ የመንገዱን ርቀት፣ ጡረታዬን አሰብሁ። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም መልስ አይደለም።

“አላውቅም፣ ሐጂ” አልሁ።

“እሺ። ነገ ጁምዓ ነው፣ ሰው ይበዛል። እዚህ ከጎኔ ትቀመጣለህ። ለቅሶ የሚመጣውን አንተ ትቀበላለህ።”

ዓርብ፣ ቀኑን ሙሉ፣ አግዳሚው

ተቀመጥሁ። ከገጠር፣ ከበረሃው ወገን የሚመጣ ሰው ወሬው ገና እየደረሰው ነው። ሰው ራሱን ሸፍኖ ሲጠጋ ተነሥቼ እላለሁ፦ “አልሞቱም። ሞተዋል ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሳላይ ነው የጻፍሁት።” አማርኛዬን ለማይሰማ ሐሊማ በኦሮምኛ ትደግመዋለች፤ በእሷ አፍ ሲነገር ይበልጥ የሚያሳፍር ይመስላል። አንዳንዱ ተቆጣ። አንዱ ሽማግሌ እኔን አልፈው ሐጂን ስመው ሄዱ። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ግን ወገቧን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“በወረቀት ሰው የምትገድለው አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ፣ እናቴ።”

“በል የኔንም ባል ጻፈው። እንደዚህ ሻይ እየጠጣ የሚሞት ከሆነ ግድ የለኝም፣ ብቻ ከቤት ይውጣ!”

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ሐጂ ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። የመጣው ሁሉ የግመል ወተት ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ፣ “የጻፍኸውን አንብብልኝ” አሉኝ። ሐሊማ ከሰው ገጽ ላይ አገኘችው። የእኔ ያልሆነ ስልክ ይዤ የእኔን ጽሑፍ፣ ለሞቱት ሰው ራሳቸው አነበብሁ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንደ ድሮው አዳመጡ።

“‘ደግ ሰው ነበሩ’ ይላል። እሱን አይተህ ነው?”

“አይቼ ነው።”

“እሱን ተወው። ሌላውን አቃና።”

ሐሊማ “ሁለታችሁን ላንሣችሁ” ብላ ስልኳን ከፍ አደረገች። ሐጂ ድምፅዋን ሰምተው እጃቸውን አነሡ። “የለም። ሊያየኝ የፈለገ ይምጣ።”

የሐና ምክር ትዝ አለኝ። ያ ፎቶ ማስተካከያውን ለሁሉም ያደርስልኝ ነበር፤ ስሜንም ያነጻልኝ ነበር። አልለመንኋቸውም።

ቅዳሜ፣ ማለዳ፣ ነገሌ

መኪናው ሳይሞላ ሐጂ በሐሊማ ትከሻ ተደግፈው እስከ መናኸሪያው መጡ። በመስኮቱ እጄን ያዙ።

“ቁጥርህን ሐሊማ ይዛለች። እሷ ካልደወለች አልሞትሁም፤ ማንም ቢነግርህ። ከደወለች ደግሞ አትጻፍ። ና።”

“እመጣለሁ።”

“ጉልበትህስ?”

“እመጣለሁ፣ ሐጂ።”

እሑድ፣ ሃዋሳ

ትናንት ክብረ መንግሥት አድሬ ዛሬ ገባሁ። በሩ ተቆልፎ ነበር። ሐና ስልኬን ፈትሻ ፎቶ አጣችበት፤ ቀይ አፈርና አንድ የደበዘዘ ግመል ብቻ። “ያለ ፎቶ አይሄድም’ኮ፣ ጋሼ” አለች። ይህን ጽሑፍ ግን ግሩፖቹ ላይ እንደ ወትሮው ትጥለዋለች። የሻኪሶው ቡና ነጋዴ ምናልባት ካነበበው፦ ራቱን የከፈልህለት ሰው እኔ ነኝ።

ከዲላው ሹፌር የሰማሁ መሆኔን አሁንም አላውቅም። ሌላውን አይቻለሁ። የሐሊማን ጥሪ ከሌላው እንድለየው ሐና የተለየ ድምፅ አደረገችልኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ሻንጣውን ሳልፈታ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ይህን ጽፌ እስክጨርስ አልደወለችም።