አይጨርሱም!

ብሬብሩክ ሰፈር እትዬ አስካለ ቤት ተጋብዘን ውለን ስንወጣ፣ ባለቤቴና እትዬ በር ላይ ስንብት ጀመሩ። እኔ መኪና ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ዛሬ የማስረክበውን የኮምፒውተር ትምህርት አሳይመንት አያለሁ። ሌላ ፕሮግራም እያስኬደ፣ ይቆም እንደሆነና እንዳልሆነ የሚፈርድ ፕሮግራም ነው።

ይህንኑ ስነግራቸው፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ቤታቸው የምናደርሳቸው ጋሼ መኮንን ከኋላ ወንበር ሆነው፣ "የማይቆም ከሆነስ በምን ያውቃል?" አሉኝ።

"ያው ነገር ከተደጋገመ አይቆምም ይላል።"

ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አዳመጡ። እትዬ "ልጆቹን ሳሚልኝ" ሲሉ ሦስተኛቸው ነው።

"እንግዲያው እነዚህም አይጨርሱም!" ብለው ጮኹ።

ባለቤቴ ሰማች። ወዲያው ፊቷን ቋጥራ መጥታ ገባች።

"ጨርሻለሁ፣ ንዳ!"

እንደ እሷ ፍርዱን ሰምቶ ተቃራኒውን የሚያደርግ ፕሮግራም ቢመጣብኝስ? የኔው ምንም ብሎ ቢፈርድ ይሳሳታል። ፉትስክሬይ እንደደረስን ለአስተማሪዬ የማስረከቢያው ቀን እንዲራዘምልኝ ኤክስቴንሽን የሚጠይቅ ኢሜይል ጻፍኩ።